በመብራት አየር ላይ መሳል፣ እዛው ስክሪን ላይ እያያችሁት

ልጅ ሆናችሁ ከምድጃ ጫፉ የጋመ እንጨት መዝዛችሁ ጨለማ ውስጥ አሽከርክራችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንጨቱ አንድ ነው ፍሙም አንዲት ነጥብ ናት፣ ግን ሲሽከረከር ሙሉ የእሳት ቀለበት ይሆናል። እኛ ቤት አያታችን "በእሳት የተጫወተ ማታ ይሸናል" እያለች ታስጥለን ነበር፣ እኛ ደሞ ዞር ስትል እንደገና። ያ ቀለበት እውነት የለም እኮ፣ ዓይናችን ያየውን ቶሎ ስለማይረሳ ነው የሚታየን። ዛሬ የማሳያችሁ ሶፍትዌር ሌላ ተአምር አይደለም፣ ከኛ ዓይን ቀስ ብሎ የሚረሳ ዓይን ነው በቃ፣ ምን ያህል ቀስ ይበል የሚለውን ደሞ እናንተ ናችሁ የምትወስኑት።

ላይት ፔይንቲንግ የሚባለው ነገር ራሱ የቆየ ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ ሹተሩን 20 ወይ 30 ሰከንድ ክፍት ትተዉታላችሁ፣ ጨለማ ውስጥ መብራት ይዛችሁ ትስላላችሁ፣ ሲዘጋ መስመሩ ፎቶው ላይ ይወጣል። ፒካሶ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1949 በፎቶ አንሺው ጂዮን ሚሊ ካሜራ ፊት ትንሽ መብራት ይዞ በሬ ምናምን ስሏል። ግን ፒካሶ የሚስለውን አያየውም ነበር፣ ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ ጅራቱ ከበሬው ጋር ይገናኝ አይገናኝ በግምት ነው። አሁን ኦሊምፐስ ካሜራዎች ላይ ላይቭ ኮምፖዚት የሚባል አለ፣ አንዳንድ ሁዋዌ ስልኮችም የላይት ፔይንቲንግ ሞድ አላቸው፣ መስመሩ ሲጠራቀም ስክሪኑ ላይ ያሳያችኋል። አሪፍ ነው፣ ግን ዋናው ውጤት ፎቶ ነው። እኔ የምፈልገው ሰውየው እየተንቀሳቀሰ፣ መስመሩ ከእጁ እየወጣ፣ ቀስ እያለ እየጠፋ፣ ሁሉም በቪዲዮ። ይሄንን ደሞ ተራ ላፕቶፕና ተራ ካሜራ ይሰሩታል።

አሰራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ማለት የፎቶ ድርድር ነው፣ በሰከንድ 25 ወይ 30 ፍሬም፣ እያንዳንዱ ፍሬም ደሞ የፒክስል (የትንንሽ የቀለም ነጥብ) ክምር ነው፣ እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 ቁጥር አለው። ፕሮግራሙ አንድ ሰሌዳ ይይዛል፣ መጀመሪያ ድፍን ጥቁር። አዲስ ፍሬም ሲመጣ ከሰሌዳው ጋር ፒክስል በፒክስል ያወዳድርና የደመቀውን ያስቀራል። መብራቱ ያለፈበት ቦታ ደማቅ ስለሆነ ይቀራል፣ ጨለማው ጨለማ ስለሆነ ምንም አይጨምርም። ለምን አይደምርም ካላችሁ፣ ሲደመር ሁለት ሶስት ሰከንድ ሳይሞላ ሁሉም ነገር 255 ይደርስና ስክሪኑ ነጭ ወረቀት ይሆናል። አማካኝ ብታወጡ ደሞ መብራቱ ከብዙ ጨለማ ፍሬም ጋር ተካፍሎ ይደበዝዛል። ስለዚ "የደመቀውን ያዝ" ነው ህጉ፣ ፎቶሾፕ የምትሰሩ ላይተን የምትሉት ብሌንድ ሞድ ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ሞክሩ፣ ኮድ የሚባል ነገር ሳትጽፉ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ቪዲዮ የሚቀይር ፕሮግራም አለ፣ ነጻ ነው፣ ጫኑት። አብሮት ኤፍኤፍፕሌይ የሚባል ማጫወቻ ይመጣል፣ እሱን ከኮማንድ ላይን (ትዕዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ካሜራችሁን ክፈት ትሉታላችሁ፣ ዊንዶውስ ላይ በዲሾው በኩል፣ ሊኑክስ ላይ በቪፎርኤል2 በኩል፣ ከዛ ቪዲዮ ፊልተር የሚለው ቦታ ላይ ላግፈን የሚባለውን ፊልተር ትሰጡታላችሁ። ላግፈን የተሰራው ልክ ለዚህ ነው፣ አጭር ብልጭታን ረዘም አድርጎ ያቆያል። ዲኬይ የምትባል አንዲት ቁጥር አለችው፣ ካልነካችኋት 0.95 ናት፣ 0.98 ስታደርጓት ጭራው ይረዝማል። የተቀረጸ ቪዲዮም ካላችሁ ያንኑ ፊልተር በኤፍኤፍኤምፔግ አስገብታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ያለፈው ጥምቀት ዋዜማ የቀረጻችሁት ጧፍ የያዘ ሰው ቪዲዮ ካለ በሱ ሞክሩት፣ ካሜራው ካልተንቀጠቀጠ ደስ የሚል ነገር ይወጣል።

ግን እዚህ ጋ እኔን ሁለት ማታ ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። ቀይ መብራት ስይዝ መስመሩ ሮዝ ነገር ይሆናል፣ ሰማያዊው ደህና ነው፣ አረንጓዴውን ስይዝ ግን መስመሩ ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። መብራቱን ቀየርኩ፣ ካሜራውን ቀየርኩ፣ እህቴን "አንቺ ነሽ በእጅሽ የሸፈንሽው" ብዬ ተጣላኋት። ችግሩ ለካ ቪዲዮ ቀለምን በቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ አይደለም የሚያስቀምጠው፣ አንድ ቁጥር ለድምቀት፣ ሁለት ቁጥር ደሞ ለቀለም ልዩነት ይይዛል፣ አረንጓዴ ላይ እነዚህ ሁለቱ የቀለም ቁጥሮች ሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው። ፊልተሩ "ትልቁን ቁጥር ያዝ" የሚለውን ህግ ለነሱም ስለሚተገብር ዝቅ ያለውን ይጥለውና አረንጓዴው ይጠፋል ማለት ነው። መፍትሄው አንድ ቃል ነው፣ ከላግፈን በፊት ፎርማት የሚባለውን ፊልተር አስገብታችሁ ጂቢአርፒ ትሉታላችሁ፣ ያ ማለት ወደ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ቀይረህ ስራ ነው። ፋይል የምታወጡ ከሆነ መጨረሻ ላይ መልሳችሁ ወደ ዋይዩቪ420ፒ ቀይሩት፣ አለበለዚያ አንዳንድ ስልክ ላይ አይከፍትም።

ይሄ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። ግን ትንሽ ስትሰሩበት አንድ ነገር ያናድዳችኋል፣ ፊልተሩ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ይይዛል። ፊቱ ላይ ትንሽ ብርሃን ካረፈ ፊቱ ይቀራል፣ ነጭ ሸማ ከለበሰማ በቃ፣ በሄደበት ሁሉ መንፈስ ይመስል ጥላውን እየጎተተ ነው። አንዴ ነጭ ነጠላ የለበሰች ልጅ ስቀርጽ ስድስት ጭንቅላት ያላት ሴት ወጣች። እዚህ ጋ ነው የራሳችሁን ፕሮግራም መጻፍ የሚመጣው፣ አትፍሩ፣ 20 መስመር አትሞላም።

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ትጭናላችሁ፣ ከዛ አብሮት በሚመጣው መጫኛ በፒፕ ኦፕንሲቪንና ነምፓይን። ኦፕንሲቪ ካሜራውን ይከፍታል ምስሉን ያሳያል፣ ነምፓይ ቁጥሮቹን ያወዳድራል። ሚስጥሩ ሁለት ሽፋን መያዝ ነው። አንደኛው ሽፋን ካሜራው አሁን የሚያየው ነው፣ ምንም ሳይያዝ፣ ሰውየው እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው ሽፋን ሰሌዳው ነው፣ እዛ ላይ የሚገባው መብራት ብቻ ነው። መብራት ምኑ ነው ለሚለው አንድ መቁረጫ ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ ለምሳሌ 200፣ ከሱ በታች የሆነ ፒክስል ሁሉ ወደ ሰሌዳው ሲሄድ ጥቁር ይሆናል። ከዛ ለማሳየት ሁለቱን ሽፋኖች እንደገና "የደመቀውን ያዝ" ብላችሁ ታጣምራላችሁ። በየፍሬሙ የሚሆነው ይሄ ነው፦ ፍሬም አንብብ፣ ከመቁረጫው በታች ያለውን አጥቁር፣ ሰሌዳውን በመርሳት ቁጥሩ (ላግፈን ላይ ዲኬይ ያልናት ናት) አባዛ፣ የቀረውን መብራት ከሰሌዳው ጋር አወዳድረህ ትልቁን ያዝ (ነምፓይ ላይ ማክሲመም የሚባለው ነው)፣ ከካሜራው ምስል ጋር አጣምረህ አሳይ። ተመለስና ድገም።

መቁረጫው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ ከዛ ድምቀቱን ይለካል፣ እኔም እንደዛ ነበር የጻፍኩት። ግን ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር ቀለማት እኩል አይቆጠሩም፣ አረንጓዴ 0.587፣ ቀይ 0.299፣ ሰማያዊ 0.114 ነው የሚይዙት። ስለዚ ድፍን ሰማያዊ መብራት 255 ሆኖ እንኳ ጥቁርና ነጩ ላይ 29 ብቻ ነው የሚሆነው፣ መቁረጫችሁ 200 ከሆነ ሰማያዊ የሚባል ቀለም አታዩም። ይልቅ ከሶስቱ ቀለም ትልቁ ስንት ነው ብላችሁ እሱን ለኩ፣ ያኔ ሰማያዊም እንደ ሌላው ያልፋል።

ሌላው የመርሳት ቁጥሩ ነው፣ የቪዲዮው ነፍስ እሱ ላይ ነው። በየፍሬሙ ሰሌዳው በዚህ ቁጥር ይባዛል። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ 0.95 ላይ መስመሩ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ በግማሽ ይደበዝዛል፣ ይሄ ለጭፈራ ነው፣ እስክስታ የሚወርድ ሰው እጁ ላይ መብራት አስሩለትና እዩት፣ ትከሻው ላይ ደሞ ትንንሽ ሁለት ለጥፉ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ መስመሩ እንደ ጥልፍ ነው የሚወጣው። 0.98 ላይ በግማሽ ለመደብዘዝ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል፣ 0.99 ላይ ሁለት ሰከንድ ከምናምን፣ 0.995 ላይ አራት ሰከንድ ተኩል። ለጽሑፍ እኔ ጭራሽ 1 ነው የማደርገው፣ ምንም አይረሳም፣ ጽፌ ስጨርስ ስፔስ ስነካ ሰሌዳው ይጸዳል። ሁለት ቁልፍ ለቁጥሩ መጨመሪያና መቀነሻ ካደረጋችሁ እየቀረጻችሁ መቀየር ትችላላችሁ፣ ዘፈኑ ሲፈጥን አሳጥሩት ሲረጋ አርዝሙት።

ታዲያ ሰሌዳውን ሙሉ ቁጥር አድርጋችሁ አትያዙት፣ በክፍልፋይ ቁጥር ይሁን፣ ፍሎት32 የሚሉት። ለምን በሉኝ፣ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ሲጠጋጋ 0.98 ላይ 20 የነበረ ፒክስል 19.6 ይሆንና ተመልሶ 20 ይባላል፣ በሚቀጥለውም ፍሬም 20፣ ለዘላለም 20። ስክሪኑ ላይ ያልታጠበ ሰሃን የሚመስል የድሮ መስመር ቆሻሻ ይቀራል። እኔ የካሜራው ሌንስ ነው ብዬ በሸሚዜ ስጠርግ ነበር።

እሺ አሁን ካሜራው። ከሶፍትዌሩ ይልቅ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፣ አውቶ የሚለውን ነገር ሁሉ አጥፉ። ካሜራው ጨለማ ሲያይ "ባለቤቴ አላየም መሰለኝ" ብሎ በራሱ ብርሃን ይጨምራል፣ ያኔ ጨለማው ግራጫና ነጠብጣብ ይሆናል፣ መብራታችሁ ደሞ ቀለሙን አጥቶ ነጭ ኳስ። ኤክስፖዠሩን (የሚያስገባውን ብርሃን መጠን) ማኑዋል አድርጉ፣ ጌይኑን ወይ አይኤስኦውን (ምስሉን በራሱ የሚያደምቀውን) ዝቅ አድርጉ፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ቆልፉ፣ ፎከሱን ሰውየው የሚቆምበት ቦታ ላይ በብርሃን አድርጋችሁ ከዛ ቆልፉት። ዌብካም ከሆነ ኦቢኤስ የሚባለው የቪዲዮ መቅረጫ ፕሮግራም ውስጥ ካሜራውን ስታስገቡ ኮንፊገር ቪዲዮ የሚል አለ፣ ኤክስፖዠር ጎን ያለችውን አውቶ የምትል ምልክት ታነሳላችሁ። ሊኑክስ ላይ ጉቪሲቪው የሚባለው ፕሮግራም ቀላል ነው። እና ሎው ላይት ኮምፐንሴሽን የሚል ካያችሁ እሱንም አጥፉ፣ እሱ ጨለማ ሲሆን በሰከንድ የሚያነሳውን ፍሬም በድብቅ ወደ 15 እና ከዛም በታች ያወርደዋል፣ ቪዲዮው ለምን ይቆራረጣል ብላችሁ ላፕቶፑን ትረግማላችሁ።

የሹተሩ ፍጥነት ላይ ደሞ የቪዲዮ ሰሪዎችን ልማድ እርሱት። ሰርግ የምትቀርጹ ታውቁታላችሁ፣ 25 ፍሬም ከሆነ ሹተር 1/50 ነው የሚባለው። እዚህ ግን 1/50 ካደረጋችሁ ካሜራው ከእያንዳንዱ ፍሬም ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው፣ ግማሹን ዓይኑን ጨፍኖ ነው፣ እጃችሁ ግን አይቆምም። መስመሩ ሙሉ ሳይሆን እንደ አስፓልት ቀለም የተቆራረጠ ይወጣል። ስለዚ ፍሬሙ 25 ከሆነ ሹተር 1/25፣ 30 ከሆነ 1/30፣ ክፍተት እንዳይኖር። ምርጫ ካላችሁ 25ን ውሰዱ፣ የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከጀርባ የቤት አምፖል ቢኖር እንኳ 1/25 ላይ አይርገበገብም። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም መስመሩ ነጠብጣብ ከሆነ የእጅ ባትሪያችሁን ተጠራጠሩ፣ ብዙዎቹ ኤልኢዲዎች ብርሃናቸው ዝቅ ሲደረግ በፍጥነት እየበሩ እየጠፉ ነው የሚያታልሉን፣ ሙሉ ብርሃን ላይ አድርጓቸውና ብርሃኑን በወረቀት ቀንሱት።

ካሜራ የለኝም የሚል ካለ ስልክ ይሆናል፣ ድሮይድካም ወይ አይሪየን የሚባሉ አፖች ስልኩን ዌብካም ያደርጉታል፣ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ አገናኙት፣ በዋይፋይ መዘግየቱ እጅና መስመር ያራርቃል። ደህና ካሜራ ያላችሁ ደሞ ኤችዲኤምአይ የሚቀበል ካፕቸር ካርድ (የካሜራውን ምስል ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ) ገዝታችሁ አስገቡት፣ የካሜራው ጽሑፍና ምልክት ከምስሉ ላይ መጥፋቱን ብቻ አረጋግጡ፣ አለበለዚያ የባትሪው ምልክት ሰሌዳችሁ ላይ እንደ ታቦት ዣንጥላ ቆሞ ያመሻል። አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ በ640 በ480 ጀምሩ። 1280 በ720 ስታደርጉ ካሜራው በሰከንድ 10 ፍሬም ብቻ ካመጣ ኮምፒውተሩ ደክሞ ሳይሆን የዩኤስቢው መንገድ ጠቦ ሊሆን ይችላል፣ ፎርማቱን ኤምጄፔግ (ምስሉን ጨምቆ የሚልከውን) አድርጉት መንገዱ ይከፈታል።

መብራቱ ላይ ገንዘብ አታጥፉ። ከቅዳሜ ገበያ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ የገና ዛፍ መብራት፣ የከረሜላ ወረቀት። የከረሜላ ወረቀቱ የሚያሳልፈው ዓይነት ይሁን፣ ሁለት ሶስት እጥፍ አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩት፣ አንድ እጥፍ ከሆነ መሃሉ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ነው ቀለም የሚይዘው። መብራቱ ነጭ ከሆነባችሁ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፣ ኤክስፖዠሩን አውርዱ፣ ጌይኑን አውርዱ። የስልክ ስክሪን ሙሉ ቀለም አድርጋችሁ ብትይዙት ሰፋ ያለ እንደ ብሩሽ የሆነ መስመር ይሰጣችኋል። ችቦ ግን ሌላ ዓለም ነው። ለመስቀል ችቦ ሲዞር መቁረጫውን ወደ 150 አውርዱትና ቅረጹ፣ የእሳት መስመር ጠርዙ የተበጣጠሰ ነው፣ ፍንጣሪው ለብቻው ቀጭን ክር ሆኖ ይወርዳል፣ ጭሱ ራሱ ብርሃን ይይዛል፣ ኤልኢዲ ይሄን መቼም አይሰራውም። ካሜራውን ግን ራቅ አድርጉት፣ ሸማ የለበሰ ሰውም ችቦ ይዞ አይዙር።

ቦታ ስትመርጡ ጨለማ ፈልጉ። እኛ ጎንደር ፒያሳ የመንገድ መብራት አለ፣ የመኪና መብራትም እየመጣ ሰሌዳውን ያበላሻል። ወደ ቁስቋም በኩል ወጣ ስትሉ ይሻላል። የፋሲል ግቢ ማታ ዝግ ከሆነ ከውጭ አጥሩን ጀርባ አድርጋችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ ጥበቃዎቹን ግን ቀድማችሁ አናግሩ፣ ጨለማ ውስጥ መብራት የሚያወዛውዝ ሰው ማን ያምናል። ከሁሉ የሚሻለው ደሞ መብራት ሲሄድ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር እኔና እህቴ ትራይፖድ ይዘን በረንዳ ላይ እንወጣለን፣ እማዬ "ሰው ሻማ ይፈልጋል እናንተ ጨለማ ትፈልጋላችሁ" ትላለች።

አሁን መጻፍ። ፊደላችን ለዚህ ነገር ይመቻል አይመችም ብለን ብዙ ተከራክረናል፣ እኔ ይመቻል ባይ ነኝ ግን ትዕግስት ይጠይቃል። ፈረንጆቹ ቃሉን ሳያነሱ በአንድ መስመር ቀጥለው ይጽፋሉ፣ የኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ነው፣ ስለዚ በፊደልና በፊደል መሃል መብራቱ መጥፋት አለበት። ቁልፉ ስትጫኑት ብቻ የሚበራ የእጅ ባትሪ ፈልጉ፣ ወይ በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። ከዛ የሚመጣው ጣጣ ቅጥያው ነው። እህቴ "ፋሲል" ልትጽፍ ቆመች፣ ፋ በደንብ ወጣች፣ ሲ ላይ ቀኝ እግሩን አወረደች፣ ጭረቷን ታች ማድረግ ነበረባት፣ ጨለማ ነው እጇን አታየውም፣ መሃል ላይ ሳበቻት። "ፋሱል" ሆነ። አምስት ጊዜ ደገምን፣ ሶስቱ ፋሱል ነው። መፍትሄው ፊደሉን ትልቅ ማድረግ ነው፣ ከጉልበት እስከ አናት፣ እና ስክሪኑን ጸሃፊው በሚያየው ቦታ ማዞር፣ ስክሪኑ ላይ እያያችሁ እግሩ የት እንዳለቀ ታገኙታላችሁ። ካሜራው ትንሽ ስለሚዘገይ ቸኩላችሁ አትጻፉ፣ መስመሩ እጃችሁን ሲደርስበት ቀጥሉ።

ስክሪኑን ስታዞሩ ደሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ወደ ካሜራው ዞራችሁ ስትጽፉ ጽሑፉ ተገልብጦ ነው የሚታየው፣ ግራው ቀኝ ሆኖ። ኦፕንሲቪ ላይ ፍሊፕ የሚል አለ፣ 1 ስትሰጡት ግራና ቀኙን ይገለብጠዋል፣ ጽሑፉ ይስተካከላል፣ ስክሪኑም እንደ መስታወት ስለሚሆን ለእጅ ይቀላል። ቤት ውስጥ ከሆነ አለቀ። እኔ ግን የፋሲል ግንብ ከጀርባ ሆኖ እንደዛ አድርጌ ቀረጽኩና ለጥፌው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ስለ ጽሑፉ ማንም አላወራም፣ ሁሉም "ግንቡን ምን አደረግከው" ነው። ጽሑፉን ለማቅናት ግንቡን ገልብጬዋለሁ እኮ፣ ጎንደሬ ደሞ እድሜውን ሙሉ ያየውን ግንብ የቱ ማማ በየት በኩል እንደሆነ ሊጠፋው ነው? ሰሌዳውን ብቻ ለይቼ ልገልብጥ ብላችሁ እንዳታስቡ፣ መስመሩ ከእጁ ተለይቶ በሌላ ጎን ይሄዳል። የማደርገው አሁን ሰውየውን ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ወደ ግንቡ እንዲዞር ነው፣ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ይጽፋል፣ መብራቱ በሰውነቱ እንዳይጋረድ ከትከሻው ውጭ ይያዝ፣ ምንም ሳይገለበጥ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስክሪኑን ደሞ ሌላ ሰው ከፊቱ መሬት ላይ ያስቀምጥለታል፣ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ።

ለመቅረጽ እኔ ኦቢኤስን ነው የምጠቀመው፣ የፕሮግራሙን መስኮት ዊንዶው ካፕቸር አድርጋችሁ ታስገባላችሁ፣ ድምጹንም አብሮ ይይዛል፣ ላይቭ መግባት ከፈለጋችሁም ቨርቹዋል ካሜራ የሚል ቁልፍ አለው፣ እሱን ስትነኩ ሌላው አፕ ምስላችሁን እንደ ካሜራ ያየዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሴቲንግ ውስጥ የሚቀረጸውን ፋይል ኤምኬቪ አድርጉት እንጂ ተራውን ኤምፒፎር አታድርጉት። ተራ ኤምፒፎር ቀረጻው በስርዓት ካልተዘጋ ፋይሉ አይከፈትም፣ እኔ የአጎቴን ልጅ ሰርግ ዋዜማ 40 ደቂቃ ስቀርጽ ቆይቼ መብራት ሄደ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደሞ ድሮ ነው የሞተው፣ ያ ሁሉ እስክስታ አንድ ፍሬም እንኳ አልተገኘም። ኤምኬቪ ከሆነ እስከጠፋበት ደቂቃ ድረስ ያለው ይተርፋል፣ ከዛ ኦቢኤስ ራሱ ፋይል የሚለው ሜኑ ውስጥ ሪመክስ የሚል አለው፣ ያልተነካካ ኤምፒፎር አድርጎ ይሰጣችኋል፣ የ40 ደቂቃውን ለመቀየር ሻይ ሳትጠጡ ያልቃል።